ሃይፖታላመስን በሁለት ቴርሞሜትር እንዴት እንዳስተማርኩ

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከምወዳቸው ርዕሶች አንዱ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ተማሪው ግን ስሙን ሲሰማ ገና ፊቱ ይጨልማል። የሚሸመደደው የሆርሞን ስም ብዛት አንድ ነገር ሆኖ፣ እንግሊዝኛው ሲጨመርበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ስለዚህ ስሞቹን ወደ ኋላ አቆይቼ ከተማሪው ገላ መጀመር መረጥኩ። ፍሬውን ስላየሁት ሌሎች መምህራንንም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ዕቃው ሁለት ቴርሞሜትር ነው። አንዱ የክፍሉን አየር ይለካል፤ ሌላው ከፋርማሲ የተገዛ የብብት ነው። ጠዋት ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ተማሪዎቹ ሹራብ ደርበው ሲገቡ ሁለቱንም እንለካለን። ከሰዓት በኋላ እንደግመዋለን። የክፍሉ ቁጥር በብዙ ዲግሪ ይዘላል። የብብቱ ግን 36 ከምናምን ላይ ነው፤ ቢጨምርም በነጥብ ነው። "ታዲያ ማነው እንዲህ አጥብቆ የያዘው?" እላለሁ። መልሱን ቶሎ አልሰጥም። ይከራከሩበት።

ክርክሩ ሲደምቅ ስሙን ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ሃይፖታላመስ ከአንጎል ሥር፣ ከፒቱታሪ እጢ በላይ ተቀምጣለች። ክብደቷ 4 ግራም ገደማ ነው፤ ከባቄላ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። የሚያልፍባትን ደም ሙቀት ትለካለች፤ ከቆዳም መልእክት ይደርሳታል። ሲሞቅ የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ላብ ይወጣል። ሲበርድ ይጠባሉ፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ያቺ የከሰዓት በኋላ ጭማሪም የእሷው ሥራ ናት። በዓይን በኩል የብርሃን መልእክት የሚደርሳቸው 20,000 ገደማ ሕዋሶቿ የሰውነትን የቀንና የሌሊት ዑደት ይቆጣጠራሉ።

ትልቁ ጥያቄ የመጣው ቤተሰቦቿ ዓባይ በረሃ ወርደው ከሚያርሱ ተማሪ ነው። "ቲቸር፣ ወባ የያዘው ሰው ገላው እየነደደ ለምንድን ነው በረደኝ፣ ጋቢ ደርቡልኝ የሚለው?" አለችኝ።

ሙሉ ክፍለ ጊዜው በዚህ አለቀ፤ አልቆጨኝም። ሰሌዳው ላይ አግድም መስመር አሰመርኩና 37 ብዬ ጻፍኩበት። የወባው ተውሳክ ደም ውስጥ ሲራባ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ያመነጫል። በዚህ ምክንያት ሃይፖታላመስ መስመሩን ወደ 39 ወይም 40 ከፍ ታደርገዋለች። አሁን 37 ላይ ያለው ሰው ከመስመሩ በታች ሆነ። ለእሷ ይሄ ብርድ ነው። ታንቀጠቅጠዋለች፤ ጋቢ ታስጠይቀዋለች። ሙቀቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ መንቀጥቀጡ ይቆማል። መስመሩ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ ሰውየው ከመስመሩ በላይ ይሆንና በላብ ይጠመቃል። ፓራሲታሞል ፕሮስታግላንዲኑን ቀንሶ መስመሩን ያወርዳል እንጂ ወባውን አይነካም። ትኩሳቱ በረደ ብሎ ከጤና ጣቢያ መቅረት ሕይወት ያስከፍላል። ይህን ሳልሰለች እደጋግመዋለሁ።

በረሃው ውስጥ ሙቀት የመታው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። የእሱ መስመር ከ37 አልተነሳም። ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት ነው። ስለዚህ ፓራሲታሞል አይረዳውም። ጥላ ማስገባት፣ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብና ቶሎ ሐኪም ጋ ማድረስ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ርዕሱ ገብቶታል ማለት ነው።

ጥሙን በአጭሩ እናልፈዋለን። ደም በ1 ወይም 2 በመቶ እንኳ ሲወፍር ሃይፖታላመስ ታውቀዋለች። ሰውየውን ውኃ ታስጠማዋለች፤ ኤዲኤች የሚባለውን ሆርሞን አስለቅቃ ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ ታደርጋለች። አልኮል ይህን ሆርሞን ያፍነዋል። ጠላ የጠጣ ሰው ለምን ደጅ እንደሚመላለስ ተማሪዎቹ ራሳቸው ደረሱበት።

አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ እጢ ላይ ስንደርስ እንቅርትን አነሳለሁ። ሃይፖታላመስ ፒቱታሪን ታዛለች፤ ፒቱታሪ ታይሮይድን ያዛል፤ ታይሮይድ በአዮዲን ታይሮክሲን የሚባለውን ሆርሞን ይሠራል። ሲበቃ ታይሮክሲኑ ወደ ላይ ተመልሶ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል። ተማሪዎች ቀስቶቹን በየተራ ወጥተው ይስላሉ። ከዚያ "አዮዲን" የሚለውን ቃል በዳስተር አጠፋና "አሁንስ?" እላለሁ። ታይሮክሲን አይሠራም፤ በቃ የሚል የለም፤ ትእዛዙ ይበረታል፤ እጢው ያብጣል። ይህን ራሳቸው የተነበዩ ልጆች ስሞቹን ፈተና ላይ አይረሱም። ትልቁ ትምህርቴ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ መንገዱ፣ ስሙ በኋላ።

ጥንቃቄም አለው። ለሙከራ ተብሎ ተማሪ አይራብም፣ አይጠማም። ቤተሰቡ ውስጥ እንቅርት ያለበትን ልጅም በጥያቄ ለይቼ አላስነሳም።

የቤት ሥራው ጨው ነው። ዝናብ የደጋውን አፈር አዮዲን አጥቦ ስለሚወስድ፣ እህሉም አዮዲን ያንሰዋል። ቤታቸው ያለው ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብበው ይመጣሉ። ክፍት ዕቃ ውስጥ ከቆየ ወይም ወጡ ላይ ቀድሞ ገብቶ ብዙ ከፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።