ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ

ድሬዳዋ የሄድኩት ለሥራ ነው። የሁለት ቀን ስልጠና ነበር፤ ስለ ስልጠናው ብዙ የምለው የለኝም። መንገዱ ግን ሌላ ነው። በአውሮፕላን መሄድ ይቻል ነበር፤ እኔ ባቡር መረጥኩ። ጉለሌ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ረጅም መንገድ በባቡር ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጣቢያው ለቡ ፉሪ ነው፣ ከከተማው ጫፍ። ጎህ ሳይቀድ መነሳት ግድ ይላል። ፍተሻ፣ ሰልፍ፣ እንደገና ፍተሻ። አዳማን እስክናልፍ ፉርጎው ውስጥ ያለነው ሁሉ ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነበር።

መተሐራ አካባቢ ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ በሰቃ ሐይቅ ታየ። ከዓመት ዓመት እየሰፋ የድሮውን የባቡር ሐዲድና የመኪናውን መንገድ ሲያስጨንቅ የኖረ ሐይቅ ነው። ከዚያ የፈንታሌ ተራራና እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ተከተሉ። ይሄኔ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ብድግ ብሎ "ግመል! ግመል! እዩት!" አለ። መንጋው ብዙ ነበር። ግልገሎቹ በቀጫጭን እግራቸው እናቶቻቸውን ይከተላሉ። የፉርጎው ሰው ግማሹ ተነስቶ ወደ መስኮቱ መጣ።

ሰውየው ለግመል እንግዳ መስሎኝ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። የድሬ ልጅ ነው። ግመል እያየ ነው ያደገው።

"ታዲያ እንዲህ ያስጮሃል?"

"አቦ፣ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ ታዲያ?"

ይህ መልስ እስከ ድሬ አብሮኝ ሄደ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የማየውን ነገር ማየት ካቆምኩ ስንት ጊዜዬ ነው? እንጦጦን ከቢሮዬ መስኮት አየዋለሁ። ጠዋት ጉም ሲለብስ ያምራል። አንድም ቀን ግን ሰው ጠርቼ "እዩት" ብዬ አላውቅም። የሚያሳፍር ይመስለኛል። አድገናል፣ ጨዋ ሆነናል፣ ደስታችንንም አብረን ደብቀናል።

ድሬ ስንደርስ ሙቀቱ በር ላይ ጠበቀን። ጣቢያው ከከተማው ይርቃል፤ ባጃጁ 500 ብር ጠየቀኝ፣ ከፈልኩ። በማግስቱ የሆቴሉ ዘበኛ ሲሰማ በግማሹ መሄድ እችል እንደነበር ነገረኝ። በጣም ተናደድኩ፤ እንግዳን እንዲህ መቀበል ከድሬ ሰው አይጠበቅም።

የመጀመሪያው ሌሊት ግን ከዚያ ብሶ ነበር። መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ። ክፍሉ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሆነ፤ አንሶላው ሰውነቴ ላይ ተጣበቀ። ለማማረር ወደ ታች ስወርድ ዘበኛው "ምን ታካብዳለህ፣ ፍራሽህን ይዘህ ጣሪያ ላይ ውጣ" አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ የለም፤ ትንሹም ትልቁም አንተ ይልሃል። ወደድኩት።

ጣሪያው ላይ ከእኔ በፊት አንድ ቤተሰብ ወጥቶ ኖሯል። አባትየው የስልኩን ባትሪ አብርቶ ልጆቹ በእጃቸው ግድግዳው ላይ ጥላ ይሠራሉ። ትልቋ ልጅ ግመል ሠራች፤ አንገቱ ይንቀሳቀሳል፣ አፉ ያመነዥካል። እኔም በልጅነቴ በሻማ ብርሃን የምሠራው ጥንቸል ነበረኝ። እጄ አልረሳውም። ልጆቹ ሲስቁ አባታቸውም እኔም ሳቅን። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። እናትየው ሐብሐብ ቆርጠው ለእኔም አካፈሉኝ፤ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ።

ከዚያ መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ "መጣ!" ብሎ ጮኸ። ከየግቢው፣ ከየጣሪያው። ልጆች ብቻ አይደሉም፤ አያት የሚሆኑ ሰዎች ድምፅም አለበት። ጉለሌ ልጅ ሆነን እንዲህ እንጮህ ነበር። መቼ እንዳቆምኩ አላስታውስም። ዛሬ ቤቴ መብራት ሲጠፋ እማረራለሁ፣ ሲመጣ ደግሞ ቻርጀር እሰካለሁ፣ በቃ። ያን ሌሊት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ።

ስልጠናው ካለቀ በኋላ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር በእግሬ ዞርኩ፤ ዛፎቹ ጥላቸው ደግ ነው። የድሮውን ምድር ባቡርም አየሁ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከባድ ስለነበር ባቡሩ በሜዳው በኩል አለፈ። በጡረታ ላይ ያሉ አንድ አዛውንት አሮጌው ባቡር ላይ አውጥተው ከነጂው ቦታ አስቀመጡኝ። "ያዘው እንጂ፣ አትፍራ" አሉኝ መዘውሩን እያሳዩ። ያዝኩት። ብረቱ በፀሐይ ግሏል። ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሚሠራ አስረዱኝ፤ እሳቸውም እንደ እኔ ፊታቸው በርቷል። ያን ሥራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተውታል፤ አልሰለቹትም።

የመልሱ ጉዞ ረጅም ነበር፤ መሀል ላይ ቆመን ብዙ ጠበቅን። የመስኮቱን ወንበር ግን ለማንም አልለቀቅኩም።

አሁን ታክሲ ስሳፈር ጋቢና ካለ ጋቢና እገባለሁ፤ መንገዱ ፊት ለፊት ይታያል። ኮንዶሚኒየማችን መብራት በጠፋ ቁጥር የጎረቤቴ ልጆች ኮሪደር ላይ ይጠብቁኛል። ጥንቸሉን ለምደዋል። ግመሉን ገና እየሞከርን ነው፤ የአንገቱ ነገር አስቸግሮናል።