ጆሮ አንድ ቦታ፣ አፍ ሌላ ቦታ፦ የስፕሊትና የሜሞሪ ልምምዴ

ጀነራል የሚባለውን የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካገኘሁ አምስት ወር ሆነኝ። ሬዲዮ የምሠራው አሜሪካ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አፓርታማዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንቴናዬም ከበረንዳው እስከ ግቢው ዛፍ የተዘረጋ 20 ሜትር ያህል ሽቦ ነው። ሬዲዮዬ አይኮም አይሲ 7300። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ነገር ነው፦ ስለ ስፕሊት (በአንድ ፍሪኩዌንሲ እየሰሙ በሌላ መናገር) እና ስለ ሜሞሪ (ሬዲዮው ፍሪኩዌንሲ የሚያስቀምጥበት ቦታ)። ለየብቻ አውቃቸው ነበር። አንድ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ የገባኝ ግን ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

የስፕሊት ነገር ከመሠረቱ ቀላል ነው። በተለምዶ የምንሰማበትና የምንናገርበት ፍሪኩዌንሲ አንድ ነው። ብርቅ ከሆነ አገር አንድ ጣቢያ ሲወጣ ግን ብዙ ሰው ባንዴ ይጠራዋል። ሁሉም እሱ በሚናገርበት ላይ ቢጮህ፣ ለማን እንደመለሰ የሚሰማ አይኖርም። ስለዚህ ጣቢያው «ፋይቭ ቱ ቴን አፕ» ይላል፤ ከምናገርበት ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ከፍ ብላችሁ ጥሩኝ ማለቱ ነው። እሱ 14.195 ሜጋኸርዝ ላይ ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ከ14.200 እስከ 14.205 ነው። በሞርስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ኪሎኸርዝ ከፍ ማለት ይበቃል። የሱ ፍሪኩዌንሲ ጸጥ ይላል፤ ጩኸቱ ከላይ ይቀራል።

እዚህ አሜሪካ ጀነራል ፈቃድ ላለን ግን አንድ ወጥመድ አለ። በ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው) በድምፅ መናገር የሚፈቀድልን ከ14.225 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከላይ ያልኩትን ጣቢያ መስማት እንጂ መጥራት አንችልም። ሬዲዮው አይከለክላችሁም፤ ቁልፉን ከተጫናችሁ ያስተላልፋል። መጠንቀቅ የኛ ፈንታ ነው። በ40 ሜትር (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው ባንድ) ደግሞ የአውሮፓና የአፍሪካ ጣቢያዎች ባንድ 7.200 ላይ ያበቃል። የኛ የድምፅ ክፍል የሚጀምረው 7.175 ላይ ነው። ብዙዎቹ ከዚያ በታች ስለሚናገሩ፣ እነሱ ወደኛ ክፍል መጥተው ካላዳመጡ አንገናኝም። እዚያ ላይ ስፕሊት የግድ ይሆናል። ሌላም አለ፦ በ40 ሜትር የምንጠቀመው ታችኛው ሳይድባንድ የሚባለውን የማስተላለፊያ ዓይነት ስለሆነ፣ ድምፃችን ከምናየው ቁጥር 3 ኪሎኸርዝ ያህል ወደ ታች ይዘረጋል። ስለዚህ ከ7.178 በታች አልወርድም።

ስህተቴ እንዲህ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከካሪቢያን ደሴቶች አንድ ጣቢያ ሰማሁ። 14.240 ላይ ነው፣ ፋይቭ አፕ ይላል። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ወዲያው ሜሞሪ 12 ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ስፕሊት ከፍቼ ሃያ ደቂቃ ጠራሁ። አልሆነም። ምሳ በልቼ ተመለስኩ፤ ሜሞሪ 12ን አወጣሁና ማይኩን ይዤ ኮል ሳይኔን (የጣቢያ መለያዬን) ተናገርኩ። ወዲያው «አፕ! አፕ!» የሚሉ ድምፆች ከየአቅጣጫው መጡ። ጣቢያው በሚናገርበት ላይ ነበር የጠራሁት። ተራው ደርሶ መልሱን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነበር፤ የሸፈንኩት ለሱ የተሰጠውን መልስ ነው። ይሄ ለቀናት ከነከነኝ።

ምክንያቱን ሳጣራ ግልጽ ሆነ። ሜሞሪ የሚይዘው ባስቀመጥኩበት ሰዓት የነበረውን ነው። ያኔ ስፕሊት አልተከፈተም ነበር። እኔ ያስቀመጥኩት አንድ ቁጥር ነው፤ ማስቀመጥ የነበረብኝ ጥንዱን ነው፦ የምሰማበትንና የምናገርበትን። አይሲ 7300 ከ1 እስከ 99 ባሉት ሜሞሪዎች ስፕሊቱን ጭምር መያዝ ይችላል። ሜሞ ፓድ የሚባለው ፈጣን ማስታወሻ ግን የሚይዘው ፍሪኩዌንሲና ሞድ (የማስተላለፊያ ዓይነት) ብቻ ነው። ለአጭር ጊዜ እንጂ ለስፕሊት አልተማመንበትም።

አሁን የምሠራበት ቅደም ተከተል ተቀይሯል። ጣቢያውን ቪኤፍኦ ኤ ላይ አገኘዋለሁ፤ ሬዲዮው ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ፍሪኩዌንሲ መምረጫዎች አሉት። የስፕሊት ቁልፉን ለአንድ ሰከንድ ተጭኜ እይዛለሁ፤ ቢ ከኤ ጋር እኩል ይሆንና ስፕሊቱ ይከፈታል። ከዚያ ኤክስኤፍሲ የሚለውን ቁልፍ ይዤ ዋናውን መሪ እያዞርኩ ቢን ወደ ላይ እወስደዋለሁ። ሜሞሪ ውስጥ የማስገባው ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ማይኩን ከመጫኔ በፊት ደግሞ ስክሪኑ ላይ ስፕሊት የሚለው ጽሑፍ መኖሩን አያለሁ። ስፕሊት የማይጠቀም ሌላ ጣቢያ ለመጥራት ስሄድ ደግሞ መዘጋቱን አያለሁ። አንዴ ስፕሊቱን ሳልዘጋ ሲኪው (የሰማኝ ይመልስልኝ) ለሚል ሰው ግማሽ ሰዓት ስመልስ ቆይቻለሁ። እሱ የት ሊሰማኝ!

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄው ኤክስኤፍሲ ነው። ስትይዙት የምትሰሙት የምታስተላልፉበትን ፍሪኩዌንሲ ነው። መጀመሪያ አልጠራም፤ አዳምጣለሁ። ጣቢያው ለአንድ ሰው ሲመልስ ኤክስኤፍሲን ይዤ፣ ጩኸቱ ውስጥ «ፋይቭ ናይን» (በደንብ ትሰማለህ) እያለ የሚመልሰውን ሰው እፈልጋለሁ። ያ ሰው ያለበት፣ የጣቢያው ጆሮ ያለበት ነው። ሦስት አራት ሰው እንደዚህ ከተከታተልኩ አካሄዱ ይታየኛል። አንዳንዱ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ ተመልሶ ይወርዳል። አንዳንዱ አንድ ቦታ ይቆያል። አካሄዱን ካወቅኩ ገና የሚመጣበት ቦታ ቀድሜ እቆማለሁ። ያንን የካሪቢያን ጣቢያ በማግስቱ ያገኘሁት እንዲህ ነው። ሃምሳ ደቂቃ አዳመጥኩ፤ የጠራሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው። በ100 ዋትና በአንድ ሽቦ ኮል ሳይኔን ሲመልስልኝ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ጥንዱን የማስቀመጥ ነገር ከገባኝ በኋላ የእጅ ሬዲዮዬንም በሌላ ዓይን አየሁት። ሪፒተር (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በሌላ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) የተጠቀመ ሁሉ ስፕሊትን ያውቀዋል ማለት ነው፤ በ2 ሜትር ባንድ እዚህ አገር ልዩነቱ 600 ኪሎኸርዝ ነው። ስለዚህ ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሪፒተር አምስት ሜሞሪ አዘጋጀሁ። በአምስቱም የምናገረው 145.990 ላይ ነው፣ ሪፒተሩን ከሚከፍተው ከ67.0 ኸርዝ ቶን ጋር። የምሰማበት ግን 437.810፣ 437.805፣ 437.800፣ 437.795 እና 437.790 ነው። ጣቢያው በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ ወደኛ ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው ከፍ፣ ሲርቅ ዝቅ ብሎ ይደርሰናል። የአምቡላንስ ድምፅ ሲያልፈን እንደሚለወጠው ማለት ነው። በ145 ላይ ለውጡ 3 ኪሎኸርዝ ያህል ስለሆነ ኤፍኤም ይችለዋል፤ የመናገሪያውን አልነካም። ጣቢያው በላያችን የሚያልፍበት ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ቁጥር ለመጻፍ ጊዜ የለም፤ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ብቻ መውረድ ነው። እስካሁን ሰምቻለሁ እንጂ አላወራሁበትም።

አሁን የምፈልገው ኢቲ3ኤኤ የሚባለውን ጣቢያ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው። በአየር ላይ ሲወጡ የሚፈልጋቸው ብዙ ነው፤ ስፕሊት እንደሚያስፈልገኝ አውቃለሁ። ሜሞሪ 1ን ለእነሱ ብዬ ባዶ አድርጌ ይዤዋለሁ። ከምሥራቅ ጠረፍ ሆናችሁ የሰማችኋቸው ካላችሁ፣ በስንት ሰዓትና በየትኛው ባንድ እንደነበር ንገሩኝ።