የኤሌኦኖራ ቀሚስ

በጣሊያኗ ፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም ካየኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ከልቤ ያልጠፋው፣ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ብሮንዚኖ በ1545 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም የሣለው የኤሌኦኖራ ዲ ቶሌዶ ምስል ነው። የፍሎረንሱ መስፍን የኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ባለቤት የነበረችው ይህች ስፔናዊት ያን ጊዜ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ነበረች፤ ትንሹ ልጇ ጆቫኒም ከጎኗ ቆሟል።

ዓይንን አስቀድሞ የሚይዘው ግን ቀሚሷ ነው። በነጩ ሐር ላይ ጥቁር ሐረግ ይጠማዘዛል፤ ከደረቷ መካከል ደግሞ በወርቅ ክር የተሠራ ትልቅ የሮማን ፍሬ ጎልቶ ይታያል። ቀረብ ብዬ ስመለከት የወርቁ ክር ጥቃቅን ቀለበት እየሠራ ከጨርቁ ላይ ብቅ ብቅ ያለ ስለመሰለኝ፣ በእጄ ልዳስሰው እስኪዳዳኝ ድረስ ተደነቅሁ።

ፊቷ በአንጻሩ እንዳጠለቀችው ዕንቁ የረጋ ነው፤ ብዙዎች ቅዝቃዜ ይሉታል፣ እኔ ግን ክብሯን የምትጠብቅ ሴት ጥንቃቄ ሆኖ ይታየኛል።

ኤሌኦኖራ በ1562 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስታርፍ በዚሁ ቀሚስ ተቀበረች ሲባል ለረጅም ጊዜ ቢኖርም፣ ከመቃብሯ ወጥቶ በብዙ ድካም የታደሰው ልብስ ግን ሌላ፣ ከዚህ ቀለል ያለ የሳቲን ቀሚስ ሆኖ ተገኝቷል።