የእድራችን መዝገብ ፖስትግሬስ ውስጥ ገባ (ሦስት ሳምንት ፈጅቶ)

የእድራችንን መዝገብ ፖስትግሬስ ወደሚባል ዳታቤዝ፣ ቤት ያለ ሰርቨር ላይ አስገባሁት። ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ አዲስ ሲገዛ የተወው፣ ባትሪው የሞተ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ሥራው የሰፈራችንን እድር አባላትና ወርሃዊ መዋጮ መያዝ ነው። እስካሁን ይህን ሲሠራ የኖረው ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ነው፣ እሱም ከጸሐፊያችን ከጋሼ እጅ አይወጣም። ሊኑክስ ከጀመርኩ ገና አራት ወር ስለሆነኝ የማውቀውን ያህል ብቻ ነው የምነግራችሁ።

መጫኑ ቀላል ነበር። ኡቡንቱ 24.04 ላይ በአፕት (ፕሮግራም መጫኛው ኮማንድ) አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ፖስትግሬስ 16 ገባ፣ የጣድኩት ቡና ገና አልፈላም። ችግሩ የመጣው «እየሠራ ነው ወይ?» ብዬ በሲስተምሲቲኤል (ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ ማለትም ሰርቪሶችን፣ በሚቆጣጠረው ኮማንድ) ስጠይቅ ነው። «አክቲቭ» ይልና አጠገቡ በቅንፍ «ኤግዚትድ» ይላል። አለ ማለት ነው ወይስ ወጥቷል? ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ነቅዬ ሁለት ጊዜ መልሼ ጫንኩት። ለካ ያ ሰርቪስ ሌሎቹን ለማስነሳት ብቻ የተቀመጠ ነው፣ አስነስቶ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። እውነተኛው ስሙ ላይ 16 እና «ሜይን» የሚል ያለበት ነው። «ፒጂ ኤልኤስ ክላስተርስ» የሚባለውን ኮማንድ ብትጽፉ ፖርት 5432 ላይ ኦንላይን መሆኑን በአንድ መስመር ያሳያችኋል። እኔ ግን ቅዳሜዬን በላብኝ።

ቀጥሎ «ፒር ኦተንቲኬሽን ፌልድ» የሚለው ኤረር መጣ። ይህን ሁላችሁም ታዩታላችሁ። ፓስወርድ ተሳስቼ መስሎኝ ደጋግሜ ቀየርኩ፣ እሱ ግን ፓስወርድ አልጠየቀኝም! እዚያው ማሽኑ ላይ ሆናችሁ ስትገቡ የሚያየው በሊኑክስ የገባችሁበት ስምና የዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም አንድ መሆኑን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ፖስትግሬስ የሚባለውን ተጠቃሚ ሆናችሁ ግቡ፣ ከዚያ በራሳችሁ ስም ሮል (መግባት የሚችል የዳታቤዝ ተጠቃሚ) ፍጠሩ፣ በቃ። ከሌላ ላፕቶፕ ለመግባት ደግሞ «ሊስን አድሬስ» (በየትኛው አድራሻ እንደሚያዳምጥ) የሚለውን መቀየርና ማን ከየት መግባት እንደሚችል የሚወስነው ፒጂ ኤችቢኤ ፋይል ላይ የቤታችሁን ኔትወርክ መጨመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ስትቀይሩ ሪሎድ አይበቃም፣ ሪስታርት ይፈልጋል። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሎጊንድ በሚባለው የሊኑክስ ማስተካከያ ፋይል ላይ «ኢግኖር» በሉት። እናቴ አቧራ እንዳይገባበት ብላ በዘጋችው ቁጥር ሰርቨሬ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር።

የቀረው ስም መመዝገብ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ዋናው ሥራ እዚያ ነው የጠበቀኝ። «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ አንዲት ሴት ብቻ መጣች። በእድራችን አራት ፀሐዮች አሉ! ጋሼ አንዷን ፀሐይ፣ አንዷን ጸሐይ፣ አንዷን ፀሀይ፣ አንዷን ጸሀይ ብለው ነው የጻፉት፣ እኔም እንዳለ ገልብጬዋለሁ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያየ ቃል ነው። ኃይለ ሥላሴንማ ተዉት፣ ሀው አለ፣ ሠው አለ፣ አንዳንዱ ያያይዘዋል፣ አንዳንዱ ይለያየዋል።

መፍትሔው «ትራንስሌት» የሚባለው ፈንክሽን ነው። ሁለት ረድፍ ፊደል ትሰጡታላችሁ፣ የላይኛውን በታችኛው ይተካል። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ቤተሰቦች ሰባት ሰባት ናቸው፣ ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37 ፊደል ይሆናል። የላይኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ከጨመራችሁ፣ ከታች አቻ ስለሌለው ይሰርዘዋል፣ የተያያዘውና የተለያየው ኃይለ ሥላሴም አንድ ይሆናሉ። ብቻ በጥንቃቄ ቁጠሩ። እኔ ታችኛው ረድፍ ላይ ከዐ ቤተሰብ ትይዩ አንድ ፊደል ዘልዬ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ተንሸራተተና ፀሐይ «ጹሀይ» ሆና መጣች። እህቴ እስካሁን ጹሀይ እያለች ትስቅብኛለች። ደግሞ ዋናውን ስም አትንኩት፣ የተስተካከለው በሌላ ኮለም (ዓምድ) ይቀመጥ። ሰው ስሙን እንደጻፈው ማየት ይፈልጋል።

ቀኑም አስቸግሮኛል። የዴት ኮለም የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን 2017-02-30 ብዬ ስሰጠው አልቀበልም አለ፣ ጥሩ። የካቲት 30ን 2017-06-30 ብዬ ስሰጠው ግን ጁን መስሎት ዝም ብሎ ዋጠው። ይሄኛው ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ ለመዋጮው ዓመትና ወርን በሁለት ተራ ቁጥር አስቀመጥኩ፣ ወሩም ከ1 እስከ 12 እንዲሆን ቼክ አደረግኩበት፤ በእኛ እድር ጳጉሜን መዋጮ የለም። አንድ አባል ለአንድ ወር ሁለቴ እንዳይመዘገብም ዩኒክ ጨመርኩ።

ጋሼ ሊያዩት ቤት መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ስክሪኑን አዩና «አንቺ ልጅ፣ መብራት ሲሄድስ? የኔ መዝገብ በሻማም ይነበባል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ፣ መዋጮ እያስገባሁ ሳለ ድርግም አለ። ያደረው ጨለማ ነው፣ እኔም እንደዚያው አደርኩ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ሎጉን (ፖስትግሬስ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን ፋይል) ከፈትኩ። በአግባቡ አልተዘጋሁም፣ አሁን ራሴን እየመለስኩ ነው የሚል ነገር ጽፏል። ቆጠርኩ። ኮሚት ያደረግኳቸው (ጨርሻለሁ፣ አጽናው ያልኳቸው) 40 መዋጮዎች አንድም አልጎደሉም። የጠፉት «ቢጊን» ብዬ ጀምሬ ኮሚት ያላልኳቸው 11 ብቻ ናቸው።

ነገሩን ያስረዳሁት በራሳቸው በጋሼ አሠራር ነው። እሳቸው ከቤት ቤት ሲሰበስቡ መጀመሪያ የሚጽፉት የኪስ ደብተራቸው ላይ ነው፣ ማታ ወደ ትልቁ መዝገብ ይገለብጡታል። ፖስትግሬስም ዋል የሚባል የኪስ ደብተር አለው፣ ኮሚት ከማለቱ በፊት ለውጡን እዚያ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ሲነሳ ያልተገለበጠውን ከዚያ አይቶ ይገለብጣል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደብተሩ ራሱ ቢጠፋስ?» አሉ ቀጥለው።

(ሎጉ ላይ መብራት የሄደው 17 ሰዓት ይላል። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚቆጥር ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው፣ የእኛን አቆጣጠር ስትጨምሩበት ጭራሽ ይዞራል። የማሽኑን ሰዓት አዲስ አበባ ማለት ብቻውን አይበቃም፣ የፖስትግሬስ ኮንፊግ ላይ የሎግ ታይምዞን የሚለውንም ቀይሩ።)

አሁን ያለሁት የጋሼ ጥያቄ ላይ ነው። በየሌሊቱ በፒጂ ደምፕ (የዳታቤዙን ቅጂ በሚያወጣው ኮማንድ) ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ክሮን (ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) አስቀምጫለሁ፣ ግን ከዚያ ፍላሽ ላይ ወደ ባዶ ዳታቤዝ መልሼ አልሞከርኩትም። እሁድ እሞክራለሁ። ጋሼም እስከዚያ መዝገባቸው ላይ መጻፋቸውን አላቆሙም፣ እኔም አቁሙ አላልኳቸውም።