ለሠርግ የሚቀነስ ኪሎ

ሠርግ ሲደርስ ወሬው ሁሉ ኬቶ የሚሉት የክብደት መቀነሻ አመጋገብ ነው። እንጀራ ቀረ፣ ዳቦ ቀረ፣ ሽሮ እንኳን ቀረ። ቁርስ ዕንቁላል፣ ምሳ ጥብስ፣ እራትም ጥብስ። ኪሎው ይወርዳል፣ አይካድም። ግን በመጀመሪያው ሳምንት እልም የሚለው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ጉበትና ጡንቻ ያጠራቀሙት ስኳር ሲያልቅ አብሮት የነበረው ውሃም ይወጣል። ቀሚሱ ልክ ይሆናል፣ ፎቶው ያምራል፣ ከመልሱ በኋላ ሰው ወደ እንጀራው ይመለሳል፣ ኪሎውም ይከተለዋል።

ለፎቶ መቀነስ ነውር የለውም። የሚያናድደኝ ይህን ጤና ብለው ሲሸጡት ነው። ጠዋት ማታ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው ደም ግፊቱን መቼ እንደተለካ ብትጠይቁት አያስታውስም። ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ስኳርም ቦርጫም ብቻ አይመርጥም፤ እኛ አገር ሸንቃጣ ሆነው ስኳር ያለባቸው ሞልተዋል።

አሜሪካ ውስጥ ስኳር ሊይዛቸው ጫፍ የደረሱ ከ3,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፣ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ። አንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነው። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ስድስት ኪሎ እንኳን አይሞላም! ለፎቶ ብዙም አይታይም። ግን በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት ላይ ደግሞ የቀነሰው በ31 በመቶ ነበር።

ምግባችንን በተመለከተ፣ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ጤፍ ጥፋት የለባቸውም፣ እንዲያውም አሰር የሞላባቸው ናቸው። ችግሩ ድስቱ ውስጥ የምንጨምረው ነው። የጾም ወጥ ተብሎ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ያውም የሚረጋው ዘይት። ጨውማ ተዉት። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው፣ ከዚያ ወጡ ሊወጣ ሲል እንደገና ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ ከዳቦው ጀምሮ ሁሉም ተደምሮ።

እና ኬቶ ልትጀምሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ድንገት እንጀራ አታቁሙ። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ስኳራችሁ በጣም ወርዶ ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ሐኪማችሁን አናግሩ፣ ቲክቶክን ሳይሆን።