ከጁባ የመጣ የድምፅ መልእክት

ለእረፍት ከጁባ ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ጠዋት አራት ኪሎ፣ የድል ሐውልቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላለመመለስ ሰበብ እየፈለግኩ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆች ሰብስቤ መጽሐፍ ቅዱስ ሳስተምር፣ ኳስ ሳጫውት፣ በተሰባበረ የጁባ ዓረብኛዬ ስመክር (ይስቁብኛል፣ እውነታቸውን ነው) ከርሜ፣ ከ12ቱ የቀሩልኝ አራት ናቸው።

እንዲያ እያሰብኩ ስልኬ ጮኸ። ተኳርፈን የተለያየነው ልጅ ነው። አጭር የድምፅ መልእክት፣ ከኋላ የሞተር ሳይክል ጩኸት። "ኡስታዝ" ይላል፣ እዚያ አስተማሪን እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ትንንሾቹን እኔ እየሰበሰብኳቸው ነው። ኳሷ ግን ተንፍሳለች።"

ማኪያቶው ቀዘቀዘ። የሐዋርያው ጳውሎስ የአገልግሎት ባልደረባ የነበረው በርናባስ ትዝ አለኝ፤ ስሙ "የመጽናናት ልጅ" ማለት ነው። ጳውሎስ ማርቆስን "ጥሎን የሄደ ሰው አንወስድም" ብሎ እምቢ ሲል፣ ይዞት ወደ ቆጵሮስ የሄደው እሱ ነው። ኋላ ጳውሎስ ራሱ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና አለ። እኔ ደግሞ ልጁን ደውዬ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ከሰዓት መርካቶ ወርጄ ኳስ እገዛለሁ። ሁለት። ፓምፑንም እንዳልረሳ።