«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ደሴ ላይ ኮምፒውተር ካስቸገረ መልሱ የታወቀ ነው። ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። ፒያሳ ብትወስዱት ፎርማት፣ ሰኞ ገበያ ብትወስዱት ፎርማት፣ ኮምቦልቻ ብትወርዱም ያው ፎርማት። ወርድ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል? ፎርማት። አማርኛ አልጽፍ አለ? ፎርማት። ሰው የልጆቹን ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሱቁን ሂሳብ ያስቀመጠበት ማሽን ነው እንዲህ በአንድ ቃል የሚጠረገው። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግማ!

እኔ ጋ ከሚመጡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ማሽናቸውም ዊንዶውሳቸውም ደህና ነው። ችግሩ አንድ ፕሮግራም ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ተጭኖባቸው መገኘቱ ነው። አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ይገባል። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ሴቲንግ፣ በአንድ ፋይል፣ በአንድ ኪቦርድ ይሻማሉ። ባለቤቱ ዴስክቶፑ ላይ የሚያየው አንድ አይኮን ነው፤ ሁለት መሆናቸውን በምን ይወቅ?

እኛ አካባቢ ይሄ የሚበዛበት ምክንያት አለው። ፕሮግራም የሚዞረው በፍላሽ ነው። ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርኩም እንደልብ አይገኝም፣ ስለዚህ አንዱ ደሴ ላይ ያወረደው ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ፣ ከዚያም መርሳና ወልድያ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ባለሙያውም የየራሱ ፓኬጅ አለው፣ ኮምፒውተር በገባለት ቁጥር ያለውን ሳያይ ሙሉውን ይጭናል። በዚያ ላይ በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስንቱ ቢሮ ኮምፒውተሩን እንዳጣ የምታውቁት ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ የሚገባው አብዛኛው ያገለገለ ማሽን ነው፤ የቀድሞው ባለቤት የጫነው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አዲሱ ደግሞ የራሱን ይደርብበታል።

አንዱን ጠጋ አድርጌ ላሳያችሁ። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ ደብዳቤ መጻፍ አልቻልኩም፣ ፎርማት አስደርጊው ተባልኩ» አለችኝ። «አብሽሪ፣ እስኪ መጀመሪያ ጻፊልኝ» አልኳት። «ሰላም» ብላ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ስእልኣም» ነው። «ወረዳ» ስትል «ውእርእድኣ» አለ። ፊደሉ ይወጣል፣ ግን አናባቢው ከተነባቢው ጋር አይዋሃድም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል።

ከሰዓቱ አጠገብ ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች። እሷን ስጫን የአማርኛ መጻፊያው አይኮን ሁለት ሆኖ ቁጭ ብሏል። አንዱ አዲሱ ቨርዥን ነው፣ ሌላው ከድሮ የቀረው። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው ይነሳሉ፣ ሁለቱም ጣቷ የነካውን ቁልፍ ቀድመው ሊይዙ ይሞክራሉ፣ በመሃል ፊደሉ ይበተናል። ማብሪያና ማጥፊያ የሆነውን ቁልፍ ስትጫን ደግሞ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ደህና ሠርቶላት ከአፍታ በኋላ ተመልሶ የሚያስቸግራት። አሮጌውን ዘጋሁትና «አሁን ድገሚው» አልኳት። «ሰላም» ብሎ ወጣ። «ወረዳ»ም ወጣ።

እዚህ ላይ ግን ማቆም አይቻልም። የተዘጋው ነገ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሳል። አንኢንስቶል መደረግ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጭራሽ መውጣት አለበት። ሌላም አለ፦ ዊንዶውስ ራሱ ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ አብረው በተነኩ ቁጥር ተራው ሊደርሰው ይችላል፣ ያኔ ሦስተኛ ተሻሚ መጣ ማለት ነው። የምትጽፉበትን አንዱን ምረጡና ሌላውን አስወጡ።

በሌላውም ፕሮግራም የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው፣ አሁን የተከፈተው የትኛው ኮፒ እንደሆነ ማወቅ። ፕሮግራሙ ተከፍቶ እያለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። «ዲቴይልስ» የሚለው ውስጥ ስሙን ፈልጉና ራይት ክሊክ አድርጉት፣ ከዚያ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን»። የሚከፈተው ፎልደር አሁን እየሠራ ያለው ኮፒ የሚኖርበት ነው። አድራሻውን ወረቀት ላይ ጻፉት። ቀጥሎ ዴስክቶፕ ላይ ያለውንም ሾርትከት፣ ታስክባር ላይ የተለጠፈውንም፣ ስታርት ሜኑ ውስጥ ያለውንም በየተራ እየከፈታችሁ በታስክ ማናጀር እንዲሁ እዩ። ሁሉም ወደ አንድ ፎልደር ከወሰዱ ደህና። ካልሆነ አገኛችሁት። በተለይ ታስክባሩን አትመኑት፤ አዲስ ቨርዥን ከተጫነ በኋላም የድሮውን መክፈቱን የሚቀጥልበት ጊዜ ብዙ ነው።

አድራሻው ራሱ ብዙ ይናገራል። ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባለው ባለ64 ቢቶቹ የሚቀመጡበት ነው፣ ጎኑ ላይ ኤክስ86 የሚል ያለበት ደግሞ የባለ32ቶቹ። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ሁለቱም ቦታ ሊኖር ይችላል፣ ስሙም አይኮኑም አንድ ሆኖ። «አፕዳታ» የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ፣ እዚያ ያለው ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫነ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰው በየራሱ ስም የሚገባበት ኮምፒውተር ላይ «ለእኔ ይሠራል፣ ለእሷ አይሠራም» የሚለውን ክርክር የሚያመጣው አንዳንዴ ይሄው ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር የመጣው «ዊንዶውስአፕስ» ውስጥ ይገባል። አድራሻው በኢ ወይም በኤፍ ድራይቭ ከጀመረ ፕሮግራሙ የሚነሳው ከፍላሽ ሊሆን ይችላል፤ ፍላሹ ሲነቀል «ፕሮግራሙ ጠፋ» ይባላል። «ቴምፕ» ካለ ደግሞ አንድ ሰው ዚፑን (የታሸገውን ፋይል) ሳይፈታ ከውስጡ ደብል ክሊክ አድርጎት ይሆናል፣ ያ ጊዜያዊ ኮፒ ነው።

ሁለት መሆናቸው ከታወቀ በኋላ መቸኮል አያስፈልግም። የትኛውን ልተው የሚለው ጥያቄ ከየትኛውን ላጥፋ ይቀድማል። ሁለቱንም በየተራ ክፈቱ፣ «ሄልፕ» ውስጥ «አባውት» የሚለውን ነክታችሁ ቨርዥኑን እዩ። ሥራችሁ ያለው በየትኛው ውስጥ ነው? ፋይሎቻችሁን የሚያሳየው፣ አካውንታችሁ የገባበት የትኛው ነው? አዲሱ ባዶ ሆኖ አሮጌው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፊት ባክአፕ፣ ኋላ ማስወጣት።

ማስወጣት ስል ፎልደሩን ዲሊት ማድረግ ማለቴ አይደለም። ፎልደሩ ቢጠፋም በሬጂስትሪ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን መረጃ በሚይዝበት መዝገብ) የተመዘገበው፣ ስታርታፕ ላይ (ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው ከሚነሱት ጋር) የተቀመጠው፣ ከፋይል ዓይነቶች ጋር የተሳሰረው ይቀራል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ የሌለ ነገር እየፈለገ ኤረር ያወጣባችኋል። ሴቲንግስ ግቡ፣ አፕስ በሚለው ውስጥ ስሙን ፈልጉ። ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካገኛችሁት ቨርዥኑን እያያችሁ የማትፈልጉትን አንኢንስቶል አድርጉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ የቀረው መሥራቱን እዩ። አንዳንዴ አንዱ ሲወጣ ሁለቱ በጋራ የሚጠቀሙበትን ፋይል ይዞ ይሄድና የቀረውም ይታመማል። ያኔ ሁለቱንም አስወጥቶ አንዱን ከአዲስ መጫን ነው። ሬጂስትሪ እናጸዳለን የሚሉትን ፕሮግራሞች ግን ባትነኳቸው እመርጣለሁ፣ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይተው አይጠርጉም።

ከሁሉ የምፈራው የሂሳብ ፕሮግራም ነው። ፒችትሪን በመሳሰሉት ላይ አዲሱ ቨርዥን የካምፓኒውን ፋይል (የድርጅቱ ሂሳብ ያለበትን) ሲከፍት ወደ ራሱ አሠራር ይለውጠዋል። ከተለወጠ በኋላ አሮጌው ቨርዥን አይከፍተውም። አንድ እህል የሚነግዱ ትልቅ ሰው ልጃቸውን አስከትለው መጡ። «የዓመቱ ሂሳብ ጠፋብኝ፣ ምን ይሻላል ልጄ?» አሉኝ። በአንዱ ሾርትከት ልጁ ይሠራል፣ በሌላው እሳቸው ያያሉ፤ የልጁ አዲስ ነው፣ የእሳቸው አሮጌ። «አብሽሩ ሐጂ፣ አልጠፋም፣ በዚህኛው ይክፈቱት» አልኳቸውና ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ደገፍ አሉ። ያንን ማሽን የመጀመሪያው የጠየቁት ሰው ፎርማት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ የእውነት ይሄድ ነበር። ሁለት ቨርዥን ያለበት የሂሳብ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ዛሬውኑ የካምፓኒውን ፎልደር ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ በአንዱ ብቻ ሥሩ።

ኦፊስም የታወቀ ነው። 2010 ሳይወጣ 2016 ሲደረብበት፣ ወርድ በከፈታችሁ ቁጥር «ኮንፊገሪንግ» የሚል መስኮት እየመጣ ደቂቃ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። እያንዳንዱ ሲከፈት የወርድ ፋይል የእኔ ነው ብሎ እንደገና ስለሚመዘገብ ነው። ባለ32ና ባለ64 ቢት ኦፊስ ደግሞ አብረው አይኖሩም፣ ጫኙ ራሱ እምቢ ይላል። እምቢ ሲል በግድ ለማስገባት ከመታገል የድሮውን ማስወጣት ይቀላል።

አንቲቫይረስ ሁለት አይጫንም፣ በቃ። የዊንዶውሱ ዲፌንደር ሌላ አንቲቫይረስ ሲመጣ ራሱ ወደ ጎን ይላል፣ እሱ ችግር የለውም። ከውጭ የመጡ ሁለት ሲሆኑ ግን አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይመረምሩታል፣ አንዱ የያዘውን ሌላው ይጠረጥረዋል፣ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ብዙዎቹ አምራቾች ለማስወጣት ብቻ የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም አላቸው፣ በተለመደው መንገድ አልወጣ ካለ በዚያ አስወጡት።

ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች አንድ ነገር ልበል፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ላይ ስለምትቸገሩ። ላይብረሪ (ተጨማሪ የተዘጋጀ ኮድ) ጭናችሁ «የለም» የሚላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፓይተን ስላለ ነው፤ ላይብረሪው አንዱ ውስጥ ገብቷል፣ ፕሮግራማችሁ በሌላው ይነሳል። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና «ዌር ፓይተን» (where python) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ፓዝ ላይ (ዊንዶውስ ፕሮግራም በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ) ያሉት ሁሉ ይመጣሉ፣ መጀመሪያ ላይ ያለው ነው የሚሠራው። ፓወርሼል ላይ አትሞክሩት፣ እዚያ ያ ቃል ሌላ ሥራ አለው።

ቴሌግራምም ከስቶር አንድ፣ ከዌብሳይቱ አንድ፣ ከፍላሽ አንድ ሆኖ አይቻለሁ። ከፍላሽ የሚመጣው ሳይጫን የሚሠራው ዓይነት ከሆነ የገባችሁበት አካውንት መረጃ እዚያው ፕሮግራሙ አጠገብ «ቲዳታ» በሚል ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ያንን ዲሊት ካደረጋችሁ አካውንቱ ከዚያ ኮምፒውተር ይወጣል፣ ስለዚህ ሲም ካርዱ እጃችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ያወረዳችሁት ፋይል አልገኝ ያለውም ምናልባት በሌላኛው ኮፒ አውርዳችሁት፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።

ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። ቫይረስ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ከበላ፣ ወይም የሚወጣው ነገር ሁሉ በትክክል አልወጣ ብሎ ከተጠላለፈ፣ ያኔ ልክ ነው። ብቻ «ዶኩመንትስን ገልብጫለሁ» ላለ ሰው እሺ አትበሉ። ዴስክቶፑን፣ ዳውንሎድስን፣ የሂሳቡን ካምፓኒ ፎልደር፣ የብራውዘሩን ቡክማርክ፣ በፍላሽ ያመጣችኋቸውን የአማርኛ ፎንቶች ሳይቀር በስም እየጠራችሁ አስገልብጡ፤ ከዚያ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሦስቱን ፋይል ከፍታችሁ እስክታዩ ድረስ ማሽኑን አታስነኩ።